ለዛፍ ሚኒስትር የተጣለ ዳስ

«ሚኒስትር ሊመጣላችሁ ነው» ሲሉኝ መጀመሪያ ያልኩት «የምን ሚኒስትር?» ነበር።

«የዛፍ» አለኝ ወሬውን ይዞ የመጣው የውሃ ቦቴ ሾፌር።

ሳቄን ለቀቅኩት። ጎንደር ተማሪ ሳለሁ ባለሥልጣን መጣ በተባለ ቁጥር አዳራሽ ተነድተን ገብተን፣ እጃችን እስኪቀላ አጨብጭበን፣ ሰውየው የምን ሹም እንደሆነ እንኳ ሳናውቅ ነበር የምንበተነው። የጦር ሹም አውቃለሁ። የቀበሌ ሹም አውቃለሁ። የእስር ቤቱንማ አልረሳውም። መንግሥት የሚያህል ነገር ቁጭ ብሎ ለዛፍ ሹም ይሾማል ብሎ የነገረኝ ግን አልነበረም። ሾፌሩ ሱዳናዊ ነው፤ ሳቄ አናደደው። «ወላሂ እውነቴን ነው! የደኑ፣ የውሃው፣ የመሬቱ ወዚር ነው። ከካርቱም ተነስቶ ገዳሪፍ ገብቷል፤ ከነገ ወዲያ እናንተ ዘንድ ነው» አለኝ። ዛሬ ቢሆን የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ይባል ነበር። እኛ ሰፈር ግን ስሙ የዛፍ ሚኒስትር ሆኖ ቀረ።

ሳቄ ሲያባራ ፍርሃት ያዘኝ። ሰውየው የሚመጣው በእኛ ጉዳይ ነበርና።

ሰፈራችን ሱዳን ውስጥ፣ ከባሱንዳ ወዲህ ያለ የስደተኛ ሰፈር ነው። ከደርግ ሸሽተን፣ ከጎንደርና ከመተማ በኩል ድንበሩን በእግር ተሻግረን የሰፈርን ነን፤ ትግርኛ ተናጋሪዎችም አብረውን ነበሩ። ሰው ደግሞ በልቶ ለማደር እንጨት ይፈልጋል። ከሰፈሩ ጀርባ ያለውን ኮረብታ፣ በእነሱ አጠራር ጀበሉን፣ በሁለት በጋ መላጣ አደረግነው። ልዋሽ አልችልም፤ እኔም ተሸክሜአለሁ፣ ያውም ከባዱን ሸክም።

በኋላ አንድ የእርዳታ ድርጅት ችግኝ ጣቢያ ከፈተልን። እኔ ማንበብና መጻፍ ስለምችል፣ የገበያ ዓረብኛዬም ደህና ስለነበር፣ የሴቶቹ አለቃ አደረጉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዘር ዘራን፣ አፈር ነፋን፣ በላስቲክ ከረጢት ኒምና ግራር አፈላን። ሐሳባችን አንድ ነበር፦ መላጣ ያደረግነውን ጀበል መልሰን ማልበስ። ለዚህ ግን የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። የአካባቢው የደን ተቆጣጣሪ፣ በእነሱ አጠራር ሙፈቲሹ፣ ጉዳያችንን ባነሳሁበት ቁጥር «ስደተኛ ይቆርጣል እንጂ አይተክልም» ይለኛል። እንደውም ጣቢያው ይዘጋ፣ ውሃውም ይቁም ብሎ ወደ በላይ ጻፈ። እኛም ጻፍን። ወረቀት ከወረቀት ሲጣላ ከርሞ በመጨረሻ «ሚኒስትሩ ራሱ አይቶ ይወስን» ተባለ። እምቢ ካለ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ውሃው ይቋረጣል፤ ችግኞቼም በየከረጢታቸው ይደርቃሉ።

ችግኞቼ ስላችሁ አትሳቁብኝ። በግንቦት ፀሐይ አንዷ ቅጠሏ ሲጠቁር የማየው እንደ ልጅ ትኩሳት ነበር። ያን ሰሞን ደግሞ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል መጥቶ የጣቢያውን የሳር ጥላ ነቅሎ ወስዶብናል። ሰሌን ስጠን ብዬ ብለምነው ሙፈቲሹ «ለሚዘጋ ቤት ጣራ አይሠራም» አለኝ። ደሜ ፈላ፣ ግን ዋጥኩት።

ከጎጆዬ ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ «ዳስ ጣዩ» ይላቸዋል፤ እኔ አባባ ነው የምላቸው። በአገራቸው በጭልጋ ያለ እሳቸው ዳስ ሠርግ አይደገስም ነበር አሉ። ስደት ግን ሥራ አስፈታቸው። በሰፈራችን የሚዳር ቢኖርም የሚዳረው በእርዳታ ሸራ ሥር ነው። «ሸራ ሥር የተዳረች ምን ትሆናለች? ሽንኩርት ናት እንዴ!» እያሉ ይበሳጫሉ። እኔንማ ሳይነካኩኝ አይውሉም። «አንቺ እሳት፣ መቼ ነው የምታገቢው? ያንቺን ዳስ ሳልጥል ብሞት አፈሩም አይቀበለኝ።» ሰው አልታጣም፤ ቁረይሻ ወደሚባል የእርሻ አገር እየወረደ ሰሊጥ የሚያጭድ አንድ የመተማ ልጅ ለእኔ ብሎ ይንከራተት ነበር። እኔ ነኝ ጊዜ ያጣሁለት። «መጀመሪያ ዛፍ ይብቀል፣ ከዚያ ዳስ» እላቸዋለሁ። «ዛፍ ስትጠብቂ ጥርስሽ ይረግፋል!» ይሉኛል።

ሚኒስትሩ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ሰፈሩን ሰብስቤ ለፈለፍኩ። «ነገ ትልቅ እንግዳ ነው የሚመጣው። ግቢያችሁን ጥረጉ፣ አምራችሁ ውጡ፣ እንደ አገራችን ወግ ተቀበሉት!» አልኩ። አባባ ከኋላ ሆነው «ዳስስ?» አሉ። እኔ የታየኝ ያ የተቀደደው ሸራ ነው። «እንዳሻዎ ያድርጉት» ብያቸው ወደ ሌላ ወሬ አለፍኩ። ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው!

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ሴቶቹን ይዤ ከሰፈሩ በስተ ምዕራብ ወዳለው ችግኝ ጣቢያ ሄድኩ። ረድፍ አስተካከልን፣ አረምን፣ ውሃ አጠጣን። ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ሲይዙኝ ዝም ማለት አልችልም፤ ሴቶቹ «ዛሬስ አንደበትሽን ሰይጣን ያዘው» እስኪሉኝ ለፈለፍኩ። ሦስት ሰዓት ገደማ ልብሴን ልቀይር ወደ ሰፈር ተመለስኩ። እልልታውን የሰማሁት ገና ከሩቅ ነው።

ዳሱን አየሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንዲያ ያለ ዳስ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። አንድም ሳር በማይታይበት በዚያ ጥቁር መሬት ላይ አንድ ለምለም ቤት ቆሟል። ባላው ቀጥ ያለ፣ ጣራው በቅጠል የተደረበ፣ በሩ በቅርንጫፍ የተጎነጎነ። ልጆች እየገቡ እየወጡ ይጨፍራሉ። ሽታው ራሱ ያጠግባል። ለአፍታ፣ ለአንዲት አፍታ ብቻ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ያየሁት ነገር ገባኝ።

«ምን አደረጋችሁ!» ብዬ ጮህኩ።

አባባ ከበሩ ብቅ አሉ፤ ላባቸው ይንቆረቆራል፣ ፊታቸው በርቷል። «ደረስሽ? እስቲ እይልኝ፣ ሚኒስትሩ ከዚህ ቢቀመጥ ይሻላል ከዚያ?»

«አንቱ! ይኼ ቅጠል ከየት መጣ?»

«ከኾሩ ዳር ነዋ።»

ከሰፈሩ በስተ ምሥራቅ ያለውን፣ ክረምት ክረምት ውሃ የሚወርድበትን ደረቅ ወንዝ ነው ኾር የምንለው። ዳሩ ላይ ዐሥራ አንድ ትልልቅ ኒሞች ነበሩ፤ በዚያ አካባቢ የቀሩት ዛፎች እነሱ ብቻ ናቸው። ሙፈቲሹ እንዳይነኩ ብሎ እያንዳንዳቸውን በነጭ ቀለም እንደ መቀነት አስታጥቋቸዋል።

«ቀለም ከተቀቡት?» አልኩ።

«እንዴታ! ከእነሱ ብቻ» አሉኝ በኩራት። «መንግሥት ቀለም የቀባው የመንግሥት ነው። እኛስ ቤታችንን ቀብተው ቁጥር ጽፈው አይደል የወሰዱት? የመንግሥት ዛፍ ለመንግሥት እንግዳ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው? ከሌላ ዛፍ አንዲት ቅጠል አልነካሁም፤ እንደ ሕጉ ነው የሠራሁት።»

ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እውነታቸውን ነዋ! ከደርግ አገር የመጣ ሰው ቀለም ሲያይ ሌላ ምን ሊመስለው ይችላል?

«የሚመጣው እኮ የዛፍ ሚኒስትር ነው!»

«እሱን ብዬ አይደል! የዛፍን ጌታ በዛፍ ካልተቀበልኩት በምን ልቀበለው? በድንጋይ?»

መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ትግርኛ ተናጋሪ ጓደኛ ነበረችኝ፤ እየሮጠች መጥታ ዳሱን አየች። «ዋይ ኣነ!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ነገሩ ቶሎ የገባት እሷ ብቻ ናት። ወዲያው ሰፈሩ ተተራመሰ። አንዱ እናፍርሰው ይላል፣ አንዱ እንቅበረው ይላል። አንድ ጎረምሳማ ሁለት ቅርንጫፍ ነቅሎ ሮጦ ሄዶ ሜዳው ላይ ተከላቸው፤ እንደበቀሉ ዛፎች ሊያስመስል ነው እኮ! አንደኛው ወዲያው ወደቀ፣ ሁለተኛው ጎንበስ ብሎ ቀረ። በዚያ ጭንቀት መሀል ሳቅ አመለጠኝ።

«ይፍረስ!» አልኩ ተነስቼ።

አባባ በሩ ላይ ተገተሩ። «የተጣለ ዳስ እንግዳ ሳይገባበት አይፈርስም። ሟርት ነው። ይህ ሰፈር ደግሞ የደረሰበት ይበቃዋል።»

«አባባ፣ ጣቢያዬን ሊያዘጉብኝ ነው!»

«ዳስ አፍርሼ ከማሳፍርሽ እኔኑ ግደይኝ!»

እኔና እሳቸው እንዲህ ስንጯጯህ ልጆቹ «መኪና! መኪና!» አሉ። ከገዳሪፍ በኩል አቧራው እንደ ግድግዳ ቆሟል።

ሦስት መኪና መጣ። ሰዉ ሁሉ ሚኒስትሩን ሱፍ ከለበሱት መሀል ሲፈልግ፣ ከመጨረሻው መኪና ነጭ ጀላቢያ የለበሰ፣ ሻሽ የጠመጠመ ረጅም ሰውዬ ወርዶ «ሰላም ዓለይኩም» አለ። እሱ ነበር። በዓረብኛ አንቱታ የለም፤ እኔም ያን ቀን አንተ እንዳልኩት እስከ ዛሬ አንተ ነው የምለው፤ ይቅር ይበለኝ። ዓይኑ ቀጥ ብሎ ዳሱ ላይ አረፈ። ሙፈቲሹ ከኋላው ሆኖ ዳሱን ሲያይ ፊቱ እንደ ፋሲካ ጠዋት በራ።

«ይኼ ራኩባ ከምን ተሠራ?» አለ ሚኒስትሩ። ራኩባ የሚሉት ዳሱን ነው።

«ምልክት ካደረግንባቸው ዛፎች፣ ጌታዬ» አለ ሙፈቲሹ፤ እኔን ቀድሞ። «ነግሬ ነበር።»

«ማን ቆረጠው?»

ጥያቄው ወደ እኔ ነው። አፌ ላይ የመጣውን ልንገራችሁ፦ «ግመል ጠባቂዎች» ልል ነበር። በዚያ አገር የጠፋ ሁሉ የሚላከከው በእነሱ ነው፣ ማንም አይመረምርም። ጣቢያዬ ይተርፋል፣ አባባም ይተርፋሉ። ምላሴን እያሾልኩ ሳለ አባባ ክንዴን ያዙና «ምን አለ?» አሉኝ።

«ማን ቆረጠው ነው የሚለው።»

«እና ምን ትጠብቂያለሽ? እኔ ነኝ በይዋ!» ጋቢያቸውን አደግድገው ወደ ፊት ወጡ። «በአገሬ የተከበረ ሰው ደረቅ ጣራ ሥር አይቀመጥም በይው። ለእሱ ክብር ብዬ ነው በይው። የመንግሥት ምልክት ያለበትን ለመንግሥት እንግዳ ቆረጥኩ በይው። አንዲት ቃል እንዳትሰርቂብኝ!»

አልሰረቅኩም። አንድ በአንድ ተረጎምኩት፤ ስተረጉም እንባዬ መጣ፣ ከንዴት ይሁን ከምን እንጃ። ሙፈቲሹ ማስታወሻውን አወጣ። ከዚያ ሚኒስትሩ «ዛፎቹን አሳዩኝ» አለ።

መኪና ሲያስነሱለት እምቢ ብሎ በእግሩ ሄደ። ሰፈሩ በሙሉ ተከተለው፣ ልጅ አዋቂ ሳይቀር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ በየእርምጃው ጉቶ ነው የሚታየኝ፤ ዐሥራ አንድ ጉቶ። ኾሩ ዳር ስንደርስ ግን ዛፎቹ ቆመዋል። ቀና ብዬ ቆጠርኩ፣ ዐሥራ አንዱም ቆመዋል፣ አናታቸው እንዳለ ነው! ቅርንጫፋቸው ብቻ ሳሳ ብሏል። ሙፈቲሹም ሳያስበው «ኧረ!» የሚል ድምፅ አወጣ።

ሚኒስትሩ ተጠግቶ የተቆረጠውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰው። አንደኛውን አየ፣ ሁለተኛውን አየ፣ ዞሮ አራተኛው ላይ ደረሰ። ቁርጡ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ከግንዱ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በአንድ ምት፣ ውሃ እንዳይቋጥር ወደ ታች ዘንበል ያለ። «ይህን ሰው ማን አስተማረው?» አለኝ።

አባባ ጥያቄው ገረማቸው። «ምን ማን አስተማረኝ አለ? አባቴ ነዋ! ዳስ ጣይ ከሦስት ቅርንጫፍ አንዱን ነው የሚወስደው። የዛፉን ራስ ፈጽሞ አይነካም። ራሱን የተቆረጠ ዛፍ ለሚቀጥለው ሠርግ ምን ይሰጥሃል?»

«ስንት ዳስ ጥለዋል በይልኝ።»

«ማን ይቆጥረዋል? እኔ እናትየዋንም ልጂቷንም የዳርኩ ነኝ።»

«ከየትኞቹ ዛፎች?»

«ከእነዚያው!» አሉ አባባ፤ አሁን ተቆጥተዋል። «አባቴ ከቆረጣቸው ከእነዚያው። በየሠርጉ አዲስ ዛፍ ከየት ይመጣል? ይኼ ሰውዬ ግን በእርግጥ የዛፍ ሹም ነው?»

የመጨረሻዋን ልዝለላት ብዬ ነበር። አንዲት ቃል እንዳትሰርቂ ያሉኝ ትዝ አለኝና ተረጎምኳት። ሚኒስትሩ ሳቀ! ሻሹ እስኪላላ ሳቀ። አባቱ በምዕራብ ሱዳን የሙጫ ግራር እየበጣ ያሳደገው ሰው እንደሆነ ነገረን። ሙጫ የሚበጣም ሰው እንዲሁ ነው፤ ቁስሉን አሳንሶ፣ ለከርሞ አስቦ ይበጣል። «አባቴን አየሁት» አለ።

ወደ ሰፈር ስንመለስ እኔ በደስታ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። አባባ ፈጠን ብለው ዳሱ በር ላይ ቆሙ፣ ጎንበስ አሉ፣ እጃቸውን ዘረጉ። «ይግቡ!»

ሚኒስትሩ በሩ ላይ ቆመ። ከጥላው አንድ እርምጃ ነው የቀረው፣ ግንባሩ ላይ ላቡ ይወርዳል። «አልገባም» አለ።

እልልታው ተቋረጠ። አባባ ሳልተረጉምላቸው ገባቸው፤ የዘረጉት እጅ ቀስ እያለ ወረደ። እንዲያ ፊታቸው ሲወድቅ አይቼ አላውቅም፤ አገራቸውን ትተው ሲሰደዱም እንዲያ የሆኑ አይመስለኝም። እኔም ማንነቴን ረሳሁና ሚኒስትሩ ላይ ጮህኩበት። «እኒህ ሰውዬ ለአንተ ብለው አይደለም እንዴ! ምን ዓይነት ሹመት ነው ጥላ ሥር የማያስቀምጥ? የዛፍ ሚኒስትር ሥራው ምንድን ነው?»

ሙፈቲሹ ሊያስቆመኝ ሲል ሚኒስትሩ እጁን አነሳበት። «ልንገርሽ» አለኝ። «ትራክተር ያለው ገበሬ ወዳጄ ነው፤ ጫካ መንጥሬ ማሽላ ልዝራ ይለኛል። ግመል ያለው ዘመዴ ነው። ከሰል የሚያከስለው ድሃ ነው። ሁሉም እውነት አለው። እኔ ለሦስቱም እምቢ እላለሁ፤ ሥራዬ እሱ ነው። ዛሬ እዚህ ብቀመጥ ነገ ለአውራጃው ሹም፣ ከነገ ወዲያ ለፖሊሱ ራኩባ ይሠራል። እነሱ ደግሞ ቁረጥ ብለው የሚያዙት እንደ እኒህ የሚያውቅ ሰው አይደለም።» በእኛ አማርኛ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ማለቱ ነው። ለአባባ ተረጎምኩላቸው። ከዚያ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል በይው» አሉ።

«ይቆጨኝ ይሆናል» አለ ሚኒስትሩ። «ራሳችሁ ከተከላችሁት ዛፍ ዳስ በጣላችሁ ቀን ጥሩኝ። ያን ጊዜ እገባለሁ።»

ራሳችሁ ከተከላችሁት! ሰማችሁ? ይህን ሲል ጀበሉን ሰጠን ማለት እኮ ነው! እኔ ግን ገና አልገባኝም። እሱ ወደ ችግኝ ጣቢያው አቅጣጫ ዞሮ «ችግኞቹስ ጥላ አላቸው?» አለ።

«ሀቡብ ወሰደው» አልኩ፤ ሙፈቲሹን በዓይኔ እየወጋሁ።

«እንግዲያውስ እንግዶቹ እነሱ ናቸው። አምጧቸው።»

ከዚያ የሆነውን ስነግራችሁ አሁንም ቆዳዬ ይነዝረኛል። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ሮጠ። ሴቱ በሳፋ፣ ወንዱ በቃሬዛ፣ ልጁ በሁለት እጁ አንዳንድ እየያዘ ችግኞቼን ተሸክመው መጡ። ጓደኛዬ በትግርኛ እየዘፈነች ከፊት ትመራለች። የሚኒስትሩ ሾፌሮች ሳይቀሩ ጀላቢያቸውን ሰብስበው ተሸከሙ። ሙፈቲሹ መጀመሪያ ተገትሮ ቆመ፤ በኋላ አንዲት ሴት ሳፋዋን እጁ ላይ ጣለችለትና እሱም ገባበት። አባባ ዳሱ በር ላይ ተመልሰው ቆመዋል። ሟርቱ ተሻረ፣ እንግዳ እየገባ ነው! ለያንዳንዱ ችግኝ ጎንበስ እያሉ «ግቡ! ግቡ! ቤት ለእንግዳ! አንቺ ኮሳሳዋ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ በይ፣ ፀሐይ እንዳያገኝሽ!» ይላሉ። ሰፈሩ በሳቅና በእልልታ ተናጋ። ሚኒስትሩ የፈቃዱን ወረቀት የፈረመው በመኪናው አፍንጫ ላይ፣ በጠራራው ፀሐይ ቆሞ ነው።

በመጨረሻ ፍርድም ሰጠ። «ምልክት ያለበትን ዛፍ መቁረጥ ወንጀል ነው» አለና አባባን ጠራቸው። ቅጣታቸው ዐሥራ አንዱን ኒሞች መጠበቅና ለሙፈቲሹ ሠራተኞች አቆራረጥ ማስተማር ሆነ። አባባ ሙፈቲሹን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና «ይችላል ብለሽ ነው?» አሉኝ። ይህችን አልተረጎምኳትም።

ዳሱ ቅጠሉ ቢረግፍም ጥላው እስከ ሰኔ በቃን። ሰኔ ሲገባ ጀበሉ ላይ ወጣን። ሚኒስትሩ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ተሻረ፤ በሬዲዮ ሰማነው። አባባ ያን ቀን ምሳቸውን አልበሉም። «ጥላ ሥር ሳይቀመጥ!» እያሉ ዋሉ።

የእኔስ ሰውዬ? አራት ዓመት ጠበቀኝ፣ ይባርከውና። ጀበሉ ላይ ያሉት ኒሞች ከቁመቴ በእጥፍ ሲበልጡ «አሁንስ ምን ቀረሽ?» አለኝ። ምንም አልቀረኝም። ደርግም እንደ እኔ መከራከሪያ አልቆበት በመጨረሻው በጋ ላይ ነበር። ሙፈቲሹ የመቁረጫ ፈቃዱን ራሱ ይዞ መጣ። አባባ መውጣት ስላቃታቸው ጀበሉ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ወደ ላይ ይጮሁ ነበር፤ «ራሱን ተዉት! ከሦስት አንድ! አንተ ጆሮ የለህም?» ዳሱን ግን በገዛ እጃቸው ጎነጎኑት።

ሠርጉ ደርቶ፣ እኔ ዓይኔን ሰብሬ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ የሰሊጥ ሎሪ ቆመ። ከጆንያው ላይ አንድ ረጅም ሰውዬ ወረደ። ጀላቢያው አቧራ ለብሷል፣ ሻሹ ተጨማዷል፣ አጃቢም የለው። ማንም አላወቀውም። የጠራው ሙፈቲሹ ነው፤ እኛ የት እንዳለ እንኳ አናውቅም ነበር። አባባ ግን ከበሩ ሆነው ገና ከሩቅ አወቁት። አጎነበሱ፣ እጃቸውን ዘረጉ።

ገባ። ከዳሱ መሀል ተቀመጠ። ሳህን ሲቀርብለት አልነካውም፤ ቀና ብሎ ጣራውን ለረጅም ጊዜ አየ፣ ከዚያ አባባን በዓረብኛ አንድ ነገር ጠየቃቸው። አባባ ወደ እኔ ዞሩ። ሰዉም ወደ እኔ ዞረ። ሙሽራ አትናገርም፤ እሱን አውቃለሁ። ዓይነ ርግቡን ገልጬ ተነሳሁ።

«ከእያንዳንዱ ስንት ቆረጣችሁ ነው የሚለው» አልኳቸው።

«ንገሪዋ!» አሉኝ አባባ።

«ከሦስት አንድ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና እጁን ወደ ሳህኑ ዘረጋ።